ኢንተርኔት የተሰካለት ባትሪ

መብራት ሲጠፋ ሮጠህ ሶኬት የማትነቅል አበሻ ካለህ እጅህን አውጣ... የለህም። እንግዲያው መጀመሪያውን ስነግርህ እንዳትስቅብኝ።

እኔ ኮልፌ ነው ያደግኩት። እኛ ቤት መብራት ጠፋ ማለት ቲቪውንም ፍሪጁንም ነቅሎ መቀመጥ ነው፤ ሲመጣ በኃይል መጥቶ ያቃጥላላ። አረብ አገር መጥቼ ኹበር ከተማ ማዳም ቤት በገባሁ በወሩ፣ ኤሲው በዝቶበት ቆጣሪው ሲጥል፣ ማዳም የምትጽፍበት ክፍል ጠረጴዛ ስር አንድ ጥቁር ሳጥን ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ሊቃጠል ነው ብዬ ከወጥ ቤት ሮጬ ገባሁና ኮምፒውተሩን ከሳጥኑ ላይ መንጭቄ ነቀልኩት።

ለካ ሳጥኑ ዩፒኤስ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ይዞ የሚያቆይ ባትሪ። አዳንኩት ብዬ የገደልኩት እኔ ነኝ። ማዳም የማስተርስ ጽሑፏን ነው የምትሠራበት፣ የዛን ቀን የጻፈችው በሙሉ ሄደ። አልካድኩም። «እኔ ነኝ» አልኳት። ከዛን ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ስር እጄን እንዳልሰድ ተከለከልኩ።

ግን ሞኝ ሆኜ አልቀረሁም። ልብስ እየተኮስኩ በስልኬ የህንዶች ቪዲዮ እያየሁ ስለዚህ ሳጥን ያልተማርኩት የለም። ከኋላው አንድ ቀጭን ገመድ አለው፤ አንዱ ጫፍ ባትሪው ላይ፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል። መብራት አይደለም የሚያስተላልፈው፣ ወሬ ነው። ባትሪው ሲደክም «እያለቅኩ ነው፣ ጽሑፉን አስቀምጥና ተኛ» ይለዋል። ገመዱ ከሌለ ሁለቱ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንድ ቤት ተቀምጠው አይነጋገሩም።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አካባቢው በሙሉ መብራት ጠፋ። ማዳም ጽሑፏን እንደከፈተች ትታው ደማም ከተማ፣ እናቷ ጋ ሄዳለች። እኔ እጄን አጣምሬ በር ላይ ቆምኩ... ምንም አልነካሁም። ባትሪው ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ኮምፒውተሩም አብሮት ድርግም አለ።

ማዳም ስትመለስ የሁለት ቀን ሥራዋ የለም።

«ኢንቲ» አለችኝ። አንቺ ነሽ።

«ወላሂ አልነካሁም» አልኳት። ክርስቲያን ነኝ፣ ግን እዚህ አገር ሌላ መሐላ ማን ይሰማኛል።

«ሰፈር ማፊ። ኸላስ።»

ጉዞ የለም፣ አለቀ ማለቷ ነው። ለፋሲካ አገር ቤት ልሄድ ነበር። እናቴን ካየኋት ሦስት ዓመቴ ነው። ፓስፖርቴ ያለው እሷ ጋ ነው፣ የመውጫ ወረቀቱንም የምታስጨርሰው እሷ ናት። ገባህ አይደል?

በነጋታው መሐንዲስ ጠራች። መሐንዲሱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው... የኛው ልጅ። ባለፈው ወር እዛው ክፍል የኢንተርኔት ገመድ የዘረጋው ራሱ ነው። ወገን መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ኮምፒውተሩን አበራ፣ ጠረጴዛው ስር ገባ፣ ወጣ፣ ሱሪውን አራገፈ። ከዛ ለማዳም በአረብኛ «ሸጋላዋ ነቅላዋለች» አላት። ሸጋላ የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። በመጣሁ ሰሞን እንኳን «ሸጋ» ያሉኝ እየመሰለኝ ፈገግ እል ነበር።

ክልከላውን ረስቼ እኔም ስር ገባሁ። ባትሪው ወሬ የሚያወራበት ቀዳዳ ላይ ምን ተሰክቷል? የኢንተርኔት ገመድ። ቀዳዳው ይመሳሰላል፣ ስለገባለት ሰክቶት ሄዷል። ኮምፒውተሩ እንደሆነ በዋይፋይ እየሠራ ነው፣ ማንም ልብ አላለም። መሳቢያውን ሳብ ሳደርግ የባትሪው የራሱ ገመድ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ወንድሜ፣ ባትሪው ፌስቡክ ሊከፍት ነው ኢንተርኔት የሰካህለት?» አልኩት በአማርኛ።

ፊቱ ልውጥ አለ። «ስሚ እናት፣ ቀስ በይ። እንጀራዬን አትዝጊብኝ።»

«የኔስ ጉዞ?»

«አንቺ'ኮ በፊትም ነቅለሽ ታውቂያለሽ፣ ማዳም ነግራኛለች። ነቀልኩት በያትና ይቅርታ ጠይቂ። ሴት አይደለች፣ ይበርድላታል።»

ማዳም ምን እንደምንባባል በአረብኛ ጠየቀች። ሁለቱን ገመድ ከፍ አድርጌ «ሀዳ ኢንተርኔት፣ ሀዳ ባትሪያ» እያልኩ ላሳያት ስል «ኡስኩቲ» አለችኝ። ዝም በይ። አንዴ የነቀለች እጅ ምስክር አትሆንም ለካ።

እሺ። ጎንበስ አልኩ፣ የኢንተርኔቱን ነቀልኩ፣ የባትሪውን በቦታው ሰካሁ፣ ሌላውን ጫፍ ኮምፒውተሩ ላይ። ኮምፒውተሩ ቱንግ አለ። ታች ሰዓቱ አጠገብ የባትሪ ምልክት ብቅ አለች፣ መቶ ከመቶ።

ማዳም እኔን አላየችም። እሱን ነው ያየችው። እሱም ዓይኑን ሳያሽ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ አስተካክዬዋለሁ። ሸጋላዋ ብቻ ሁለተኛ እንዳትነካው» አላት። «ሹክራን ያ መሐንዲስ» ተባለለት። ሻይ ይምጣለት ተባለ። ያፈላሁት እኔ ነኝ። ጠጥቶ ሲወጣ በሩ ላይ ጠጋ ብሎ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ስኳሩ ትንሽ አንሷል።»

መሐንዲሱ፣ እዚህ ግሩፕ ውስጥ እንዳለህ አውቃለሁ። ትናንት «ኮምፒውተር የተበላሸባችሁ ደውሉልኝ» ብለህ ለጥፈሃል። «እህቴ ፖስቱን አጥፊው» ልትለኝ ኢንቦክስ እንዳትመጣ። እኔ የነቀልኩ ቀን ነቀልኩ ብያለሁ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ማዳም ደግሞ የምታምነው አንተን ነው። ዛሬውኑ ደውልላትና እውነቱን ንገራት፤ ከዛ ሰው ሁሉ እያየ እዚህ ስር መልስልኝ... የኢንተርኔቱን ገመድ ባትሪው ላይ የሰካው ማነው?