ከአጥሩ ሥር የነቀልኩት

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን፣ ሥራ የፈታ እጅ አርፎ አይቀመጥምና፣ ከውጭ በር እስከ በረንዳ በአጥሩ ሥር ያለችውን ጠባብ መሬት አበባ በአበባ ላደርጋት ተነሣሁ። ትምህርቱን ያገኘሁት ከስልኬ ነው። አንድ ሰውዬ ከኋላ ረጃጅሙን፣ ከፊት አጫጭሩን ይተክልና፣ አንዴ ከተተከለ ዓመት ከዓመት ይኖራል ይላል። ዕድሜ ልኩን ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ይሄ ያቅተዋል እንዴ ብዬ ራሴን አደፋፈርኩ።

አስኮ መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ቦታው ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ነው ከሰዓት?" አለችኝ። በዚያ ግቢ ሃያ ዓመት ኖሬ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ አላውቅም። ላለማፈር "ቀኑን ሙሉ" አልኳት። "ውሃስ ይቋጥራል?" ስትለኝም "በጭራሽ" አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ክረምት ላይ ጫማዬ እዚያ ጭቃ ውስጥ ተውጦ ቀርቶ ያውቃል። ጽጌረዳ፣ ጄራኒየምና ስሙን እንደሰማሁ የረሳሁት ሐምራዊ አበባ ጭኜ ተመለስኩ።

ቦታው ታዲያ ባዶ አልነበረም። እናቴ የተከለችው ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ጠጅ ሳር እንደልቡ ተስፋፍቶበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ሁሉንም ነቅዬ ጣልኩት። እናቴ ጉልበቷ ከቤት ካዋላት ቆይቷል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጣ እያየችኝ ምንም አላለችም። እኔም ዝምታዋን እንደ አድናቆት ቆጠርኩት።

በፊት፣ በራችን ከጠዋት ጀምሮ ገርበብ ብሎ ይውል ነበር። ልጇን ምች የመታባት ሁሉ ዳማከሴ ልትቆርጥ ትገባለች፤ ቅጠሉን በጥሳ ከእናቴ ጋር ቁጭ ትላለች። ከነቀልኩት በኋላ ማንም ዝር አላለም። አበባዬ እንዳይረገጥ በሩን ቀረቀርኩና "ሰፈሩ ሁሉ ጤነኛ ሆነ" ብዬ ቀለድኩ። እናቴ አልሳቀችም። ውሎ አድሮ ምሳዋን መተው፣ በቀን መተኛት አመጣች። ደንግጬ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ምንም አላገኘባትም።

ስንመለስ "አበባው አላማረሽም እንዴ?" አልኳት።

"ያምራል ልጄ። ማን ያየዋል?"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ዳማከሴ ፍለጋ ወጣሁ። ችግኝ ሻጯ "ጋሼ፣ እሱን ማን ይገዛል? ጎረቤት ይጠይቁ" ብላ ሳቀችብኝ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ እኛ ጋ እየመጣች ትቆርጥ የነበረች አንዲት ጎረቤት አለችን፤ ከወዴት እንደሚገኝ ልጠይቃት ሄድኩ። ጓሮዋን ሳይ ዳማከሴው እስከ ደረቴ ደርሷል።

"ታዲያ እኛ ጋ ምን ትፈልጊ ነበር?" አልኳት።

ወደ ዳማከሴው ጎንበስ አለች። ከነሥሩ ነቀለችና፣ እኔን ስላላመነችኝ ራሷ ልትተክለው ተከትላኝ መጣች። ሥሩ ውሃ ውስጥ የበሰበሰ ጽጌረዳዬን በሁለት ጣት መዛ ጣለችው።

"ምነው ጠፋሽ?" አለቻት እናቴ ከበረንዳው።

"እማማ፣ ያለ ምክንያት የሰው በር እንዴት ላንኳኳ?"

"እኔስ ምን ብዬ ላስጠራሽ?"

አካፋ ይዤ መሃላቸው ቆሜ ነበር። አፈርኩ። ለካ እናቴን ሰው ሲርባት፣ እኔ ጽጌረዳ ሳጠጣ ነው የከረምኩት።