ሃያ ስምንት ኢንች

እህቴ አርዲስ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ በአራት ዓመት አንሳታለሁ፤ ሰው ሲያየን ግን ታላቁ እኔ እመስላለሁ። ወራት ሙሉ ለእሷ መኪና ስፈልግ ነው ያረጀሁት። ወሬው ስለ እሷ ነው፤ የእኔ ድካም ጣልቃ ከገባ ግን ምን ላድርግ።

አርዲስን በአራት ዓመቷ ፖሊዮ ያዛት፤ በሽታው ሲለቃት ግራ እግሯ አብሮ ሄደ። በብረት ድጋፍ አደገች፣ በብረት ድጋፍ ተዳረች፣ በዚያው ብረት ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማችን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ቆማ ሠራች። እዚህ ካንሳስ ያደገ ልጅ ሁሉ ቃሪያ የገባበትን የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር በልቶ ነው ያደገው፤ የእኛን ከተማ ልጆች ያበላችው እሷ ናት። ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትልጥ እንኳ ያያት የለም። ጡረታ ስትወጣ ግን ያ የጥንት በሽታ ተመልሶ መጣ፤ ደህናው ቀኝ እግሯም ይዝል ጀመር። አሁን ቤት ውስጥ በሁለት ክራንች፣ ውጭ ደግሞ በባትሪ በሚሄድ ወንበር ነው። መኪና የምትነዳው ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጅ በሚገፋ ዘንግ ነው፤ እኔ በእግሬ ከምነዳው ይሻላል አነዳዷ።

ባሏ ዱዌን ሲሞት ሁለት ነገር ትቶላት ነበር፦ አንድ ፒካፕና ከኋላው የሚጎተት ባለ አልጋ፣ ባለ ምድጃ ተሳቢ ቤት። ፒካፑ ሞተሩ ተቃጥሎ ዱዌንን ተከተለው። ተሳቢው ቤት ግን ጓሮ ቆሞ ቀረ። ድሮ በየዓመቱ መስከረም ላይ እሱን እየጎተቱ አንድ ሐይቅ ዳር ይወርዱና ተሳቢ ቤት ካላቸው ወዳጆቻቸው ጋር ዘጠኝ ቀን ይሰነብቱ ነበር። ከዱዌን ወዲህ አርዲስ አልሄደችም።

ታዲያ አንድ የመጋቢት ቀን እራት እየበላን፣ «ዘንድሮ ሐይቁ ጋ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ብቻዬን። ራሴ ጎትቼ። የሚጎትት መኪና አብረን እንፈልግ።»

እራት እየበላን ያልኩት፣ እኔ ሁልጊዜ እሷ ጋ ስለምበላ ነው። ሚስቴ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። ወደ ሰማይ አይደለም የሄደችው፣ ወደ አሪዞና ነው።

«ብቻሽን?» አልኳት።

«ዳቦውን አቀብለኝ» አለች።

መኪና መፈለጉ ቀላል መስሎኝ ነበር። እኛ አገር ተሳቢ የሚጎትት ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚያስፈልግህን መኪና ታያለህ፣ ከዚያ በአንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ትገዛለህ። ማንም «በዛ» አይልህም። ነፋሳችን ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ሜዳው ላይ ከጎን ሲመጣ ተሳቢውን እንደ በር ነው የሚያወዛውዘው። ከባድ ፒካፕ ይሻላል አልኩ፤ ያልተስማማ አልነበረም። አርዲስ ግን የዱዌንን የእንጨት ሜትር ይዛ መጣች።

የመጀመሪያው መኪና ሻጭ ጋ ስንደርስ፣ ኮርት የሚባል ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ ተቀበለን። ትልቁን ነጭ ፒካፕ ከፈተልን። አርዲስ ከባትሪ ወንበሯ ሳትነሳ ሜትሩን ከመሬት እስከ መቀመጫው ዘረጋችው።

«ሠላሳ ስድስት ኢንች» አለች። «ዝጋው።»

ኮርት ወደ እኔ ዞረ። «ጌታዬ፣ የሚነዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው?»

«ጆሮዬ ደህና ነው፣ ልጄ» አለችው። «የተጎዳው እግሬ ነው። እኔን ጠይቀኝ።»

ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ እናቴ። ደረጃ ይገጠምልዎታል እኮ።»

«ደረጃ መውጣት ብችል ኖሮ ሜትር ይዤ ምን ያዞረኛል?»

ነገሩ ይኼ ነው፦ አርዲስ መኪና የምትገባው ጀርባዋን ሰጥታ ነው። ክራንቿን ተደግፋ ወደ ኋላ ትጠጋለች፣ ቂጧን መቀመጫው ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ ግራ እግሯን ሱሪዋን ይዛ በእጇ አንስታ ታስገባለች። መቀመጫው ከዳሌዋ ከፍ ካለ አለቀ። ዳሌዋ ያለው ሃያ ስምንት ኢንች ላይ ነው። የሚጎትቱት መኪኖች ሁሉ ረጃጅም ናቸው፤ ሃያ ስምንት የሆኑት ደግሞ አብዛኞቹ የሕፃን ጋሪ እንኳ አይጎትቱም።

በዚህ ዓይነት ሚያዝያን ጨረስን፣ ግንቦትን ጨረስን። አንድ ቀን ወለሉ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ፣ ከነወንበሯ እየነዳች የምትገባበት መኪና አገኘን። ውስጡ ገብታ አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብላ ተቀመጠች። ደስ ሲላት ዝም ነው የምትለው። ከዚያ የሚሸጠው ሰውዬ፣ ወለሉ ስለተቆረጠ ምንም ነገር መጎተት እንደማይችል ነገረን። እየነዳሁ ወደ ቤት መለስኳት። ጀርባዬ ተሰንጥቆ የሚወድቅ መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ላይ እኔ ራሴ ወሰንኩ። ጎረቤቴ አንድ ጠንካራ ፒካፕ ሊሸጥ ነበር፤ ቀብድ ሰጠሁና በሯ ላይ አምጥቼ አቆምኩት። «ግቢ፣ እረዳሻለሁ» አልኳት። እንቢ ልትል ከጅሏት ነበር። በመጨረሻ ግን ደክሟት ይሁን ለእኔ አዝናልኝ፣ ቀረበች። ብብቷ ስር ሁለት እጄን አስገብቼ እንደ ጆንያ አንስቼ የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው አዩን፤ አንዱ «ጎበዝ ሎውል!» አለኝ። እኔም የጎበዝኩ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

አርዲስ መሪውን ያዘች።

«ከጀርባዬ ያለው ትራስ የማነው?»

«የኔ ነው። ወገቤን እያመመኝ...»

«መስተዋቱስ? ሰማይ ነው የሚያሳየኝ። ለማን ቁመት ነው ያስተካከልከው?»

መኪናውን ከጎረቤቴ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ መስተዋቱንም ለዚያ ነው ያስተካከልኩት ማለት እችል ነበር። ትራሱን ግን ያመጣሁት ለሁለት መቶ ሜትር መንገድ አልነበረም።

«ሎውል» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። «ሐይቁ ዳር ሰው ሲደርስ ሁሉም ተጣጣፊ ወንበሩን አውጥቶ ነው የሚቀመጠው። ማን ተሳቢውን አስተካክሎ ወደ ኋላ እንዳስገባ፣ ማን ዛፍ እንደገጨ ያያሉ። እኔም ስንት ዓመት እዚያ ተቀምጬ ስንቱን ስቄበታለሁ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ጆንያ ልወርድ ነው? ነዳጅ ልቀዳ ስቆም ማን ነው የሚያወርደኝ? ሽንት ቤት ስፈልግስ?»

«እኔ አለሁ እኮ!»

«አዎ» አለች። «አንተ እንድትኖር ነው የተገዛው።»

ደሜ ፈላ። ብቻዋን ነፋስ ውስጥ ስትሄድ ታየችኝና የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ ግትር ነሽ አልኳት፣ ዱዌን ቢኖር አይፈቅድልሽም ነበር አልኳት። ይኼን የመጨረሻውን ባልለው ይሻለኝ ነበር። ስጨርስ፣ «አውርደኝ» አለች። አወረድኳት። ክራንቿን አቀበልኳት። ቤቷ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

አራት ቀን አልጠራችኝም። አራት ቀን የቆርቆሮ ሾርባ በላሁ። ሾርባው አይደለም የከበደኝ፤ የተናገረችው ልክ መሆኑ ነው። የፈራሁላት እውነት ነው። ግን ደግሞ ያን መሪ ይዤ፣ እሷ ከጎኔ ካርታ እያየች፣ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ራሴን አይቻለሁ። ከመጋቢት ጀምሮ ነው ያየሁት። አንዲት እግሯ የማይታዘዝላት ሴት ያለ እኔ የትም እንዳትደርስ የሚያደርግ መኪና መርጬ፣ ለእሷ ደህንነት ነው ብዬ ነበር። አፈርኩ። ፒካፑን ለጎረቤቴ መለስኩ፤ ቀብዴንም ተውኩት።

በአምስተኛው ቀን ስልክ ደወለች። «መኪና አግኝቻለሁ። አንዲት የፒያኖ አስተማሪ የነበረች ሴትዮ ናት የምትሸጠው። ውሰደኝና እንለካው።»

ግራጫ የቤተሰብ መኪና ነበር፤ ረጅምም አጭርም አይደል። ለካን፤ ሃያ ሰባት ተኩል። አርዲስ ጀርባዋን ሰጠች፣ ተቀመጠች፣ እግሯን አነሳች፣ በሩን ጎትታ ዘጋች። ማንም አልነካትም። የሚጎትተው አምስት ሺህ ፓውንድ ነው።

«ለነፋስ ደካማ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር።

«ከነፋሱ በፊት መኪናው ውስጥ መግባት አለብኝ» አለች።

የእጁን ዘንግ አስገጠመች። ከኋላ የባትሪ ወንበሯን የሚያነሳ ትንሽ ማንሻ አስገጠመች። የቀረው ተሳቢው ቤት ነበር። የጎረቤቴን ፒካፕ ተውሼ ጎተትኩና የእህል ጎተራው ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ እኛ ከተማ ከስንዴ እስከ በሬ የማይመዘንበት ነገር የለም። አምስት ሺህ ሁለት መቶ። ለመኪናው አቅም ብቻ ሳይሆን ለነፋሱም ሲባል ከአራት ሺህ አምስት መቶ በታች ካልሆነ አልለቅሽም አልኳት። ይኼን አልተከራከረችኝም።

ለካ ዱዌን ተሳቢው ውስጥ ያላስገባው ነገር አልነበረም። የውሃ ታንከሩን አፈሰስኩ፤ ከዚያ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ዕቃ አወጣሁ። ሦስት የብረት መፍቻ ሣጥን፣ ጄኔሬተር፣ ለጨዋታ የሚወረወር የፈረስ ጫማ ብረት ከነችካሉ፣ ሚስማር የሞላ የቡና ቆርቆሮ። አርዲስ በሩ ላይ ተቀምጣ «ይውጣ» ወይም «ይቆይ» ትላለች። ዝገት የበላውን ባለ ሁለት እጅ መጋዝ «ይውጣ» አለች። ሬዲዮኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየችና «ይውጣ» አለች። ዱዌን ዓሣ ሲያጠምድ የሚያደርገውን ቦቲ ሳወጣ ግን አለቀሰች። «ምን ይመዝናል እሱ፣ ይቆይ» አልኳት። «አይ» አለች፣ «እሱን ካቆየሁ ሌላውንም እመልሳለሁ።» ቦቲውን እኔ ወሰድኩት፤ እስከ አሁን ቤቴ አለ፣ ልኬ አይደለም። እንደገና ስንመዝነው አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ወጣ።

የመሄጃዋ ጠዋት እንድመጣ ተፈቀደልኝ፤ እጄን ኪሴ እንዳደርግ ተነግሮኝ። መኪናውን ወደ ኋላ ስታስጠጋ ሁለት ጊዜ ሳተች፤ እየወጣች እያየች፣ እየገባች እያስተካከለች ሦስተኛው ላይ ገጠመ። ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችና ተሳቢውን በኤሌክትሪክ ማንሻ መንጠቆው ላይ አወረደችው፣ መንጠቆውን ቆለፈች፣ ገመዱን ሰካች። አርባ ደቂቃ ፈጀባት፤ እኔ በአራት ደቂቃ እጨርሰው ነበር። ተሳቢው ቢፈታ የሚይዘውን ሰንሰለት ረሳችው። አየሁት፣ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ የጻፈችውን ወረቀት አውጥታ ጮክ ብላ እያነበበች ዞረች፤ «ሰንሰለት» ስትል ቆመች፣ ወደ እኔ አየች።

«አይተህ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«ጎሽ» አለችና ሰንሰለቱን አሰረች።

ሄደች። ማታውን ደውላ «ደረስኩ» አለችና ዘጋችው። ከዚያ በኋላ እኔም አልደወልኩም፣ እሷም አልደወለች። ነፋሱ በሦስተኛው ቀን ተነሳ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ ሾርባውም አልወርድ አለኝ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግራጫዋ መኪና ተሳቢዋን እያስከተለች መጣች። ስጠብቅ ነበር የዋልኩት፤ ባልጠብቅ ምን እሠራለሁ። አርዲስ በሩን ከፈተች፣ እግሯን በእጇ አውጥታ በክራንቾቿ መሬት ላይ ቆመች። ፊቷ በፀሐይ ተቃጥሏል። እኔ ከልማዴ የተነሳ እጄን ወደ ብብቷ ሰደድኩ። እጄን አየችው፤ መለስኩት።

«ዘጠኝ ቀን» አለችኝ፣ «አንድም ሰው አልያዘኝም፣ ሎውል። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ዘጠኝ ቀን አላውቅም።»

«ደስ ይላል» አልኩ። ከዚያ ሳላስበው፣ «እኔም ዘጠኝ ቀን ማንንም አልያዝኩም» አልኩ። ልወቅሳት አልነበረም፤ ደክሞኝ ስለነበር ነው የወጣው።

ከዚያ አንዱን ክራንች ወደ ግራ እጇ አዛውራ ከሌላው ጋር አንድ ላይ ያዘችና ቀኝ እጇን በክንዴ ውስጥ አስገባች፤ ቀስ እያልን ወደ ቤት ሄድን። አርዲስ ስትደገፍ ምን ያህል እንደምትከብድ ከልጅነቴ ጀምሮ ክንዴ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን ክንዴን ይዛ ነበር እንጂ ምንም አልተደገፈችም።