ጎረቤቴን «አንድ እብድ» አልኩት

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሮቤ ገበያ መሃል አንድ ሰው ድንጋይ ይዞ ሲጮህ፣ ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ ፖሊስ ጣቢያ ደወልኩ። «አንድ እብድ ሰው ሊገድል ነው፤ ዱላ ይዛችሁ ኑ» አልኩ።

ሰውየው አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ከድር ነው። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

የመጣችው አንዲት ሴት ፖሊስ ናት፤ ዱላ አልያዘችም። (እኔማ በበሩ ቀዳዳ እያየሁ «ይቺን ነው የላኩልን?» ብያለሁ።) ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር የሰለጠነች መሆኗን የሰማሁት በኋላ ነው።

የተሰበሰበውን ሰው ወደ ኋላ መለሰችና ከእሱ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ማን ልበልህ?» አለችው።

ወደ እሷ ዞሮ «ከድር» አላት። ድንጋዩንም አስቀመጠ።

«ከድር፣ የምታምነው ሰው አለ? ማንን ልጥራልህ?»

ወደ ሱቄ ጠቆመ። «አልማዝ አለች። ጎረቤቴ ናት።»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ፖሊሷ በሚኒባስ ወደ ጎባ ሆስፒታል ወሰደችን፤ እስክንደርስ ከድር እጄን ይዞኝ ነበር። የደወልኩት እኔ መሆኔን ግን መናገር አቃተኝ።

እናንተስ በደንብ የምታውቁትን ሰው እንደማታውቁት ሆናችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ንገሩኝ፤ ዛሬ ብቻዬን ማፈር ከብዶኛል።