በምኩራቡ ወለል ላይ የደፈንኩት ቀዳዳ

ያን ቀን ሙሴ አልቤር ከምሳ በኋላ ሶፋቸው ላይ ሸለብ አድርጓቸው ነበር... እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ቀዳዳውን ደፈንኩት።

ነገሩ በናይንቲዎቹ ነው። አሜሪካ፣ ፕሌኖ ከተማ ውስጥ፣ በአገራቸው ወግ «ሙሴ» (አቶ እንደማለት ነው) የምላቸውን እኚህን ፈረንሳዊ አይሁዳዊ ሽማግሌ እየተንከባከብኩ እሠራ ነበር። ባለቤቴ አስካለ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ሥራው ከሐሳብ ያስጥለኝ ነበር።

ሙሴ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው የትውልድ ከተማቸውን አሮጌ ምኩራብ በእንጨት አሳንሰው ይሠራሉ። ማጣበቁ የእኔ ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ቤት... «ድሮ ገዢዎቹ ጎልቶ እንዲታይ አይፈቅዱልንም ነበር» አሉኝ። ውስጡ ግን ሰማያዊ ጣሪያ፣ ወርቅማ ዓምድ! ወንዶቹ ፎቅ ላይ ይጸልያሉ፤ ከሥር የፋሲካ ቂጣ የሚጋገርበት ምድጃ ያለው ክፍል አለ።

የፎቁ ወለል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አየሁ። እጃቸው ስቶ የበሱት መስሎኝ ቶሎ በሚደርቅ የእንጨት ሙጫ ድፍን!

ሲነቁ ፊታቸው ጠቆረ።

«ተስፋዬ፣ ምን አደረግህ? ሴቶቹን ዘጋህባቸው እኮ!»

«የትኞቹን ሴቶች?»

«እናቴ እንደ ሴቶቹ ሁሉ ከታች፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጸሎቱን የምትሰማው በዚያ ነበር። እህቴ ከፈረንሳይ የምትመጣው ይህን ልታይ ነው... ዛሬ!»

ሙጫው ድንጋይ ሆኗል። በምስማር ስፈለፍል ወለሉ ተሰነጠቀና ቀዳዳው ሦስት እጥፍ ሆነ።

እህታቸውን ማዳም ሮዝን ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ይዣቸው መጣሁ። ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው በእንጨቱ ምኩራብ ታችኛ በር ወደ ውስጥ አዩ።

«ይሄ ቀዳዳ እንዲህ ትልቅ ነበር እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ማዳም።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ተወው! እማማ ዕድሜዋን ሙሉ ‹ቀዳዳው ጠቦ ያባታችሁን ድምፅ መለየት አቃተኝ› እንዳለች ሞተች። ይኸው ሰፋላት!»

ሙሴ አፋቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠግተው ያባታቸውን ጸሎት ቀስ ብለው አዜሙ... ማዳም ሮዝ ከታች በኩል ጆሯቸውን ደቀኑ።

ወደ ቤቴ ስነዳ አስካለን አሰብኳት። እሷ በሴቶች በኩል፣ እኔ በወንዶች በኩል ሆነን ስንት ዓመት አብረን አስቀደስን። ድምፄን ከሰው ድምፅ ትለየው ነበር ይሆን? አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ «እግዚኦ» ስል ትንሽ ጮክ እላለሁ... አጠገቤ የምትቆሙ ይቅር በሉኝ።