ፊሽካው ሳይነፋ

የቀኝ እጄ አውራ ጣት አይታጠፍም። እስክሪብቶ ስይዝ ከሌሎቹ ተነጥሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልጆቼ «አባባ፣ ማንን ነው የምትጠቁመው?» እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። የመታኝ ሰው አላጠፋም ብላቸው ታዲያ ማን አጠፋ ማለታቸው አይቀርም።

ነገሩ የሆነው ሞጣ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ሰሞን። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣ ብሎኝ፣ ሥራም ሳይኖረኝ የእናቴን እንጀራ የምጨርስ ጎረምሳ ነበርኩ። ያን ክረምት የወጣት ማኅበሩ ከየከተማው ወጣት መርጦ ሞጣ ላይ «የተጠናከረ ሥልጠና» እንደሚሰጥ ተነገረ። ሥልጠናው ካራቴ ነው ተባለ። በዚያን ጊዜ በእጅና በእግር የሚደረግ ነገር ሁሉ ለእኛ ካራቴ ነበር።

አሰልጣኙ ግን ካራቴ አያውቅም ነበር። የሞጣ ተወላጅ ነው፤ በልጅነቱ አሰብ ወርዶ መርከበኛ ሆነ፣ ከፊሊፒን ሰዎች ጋር አንድ መርከብ ላይ ብዙ ዘመን ሠራ፣ የእነሱን የዱላ ትግል ተማረ፣ ኪክ ቦክሱን ደግሞ ከየወደቡ ለቃቀመ። ጉልበቱ ታሞ አገሩ ሲመለስ ማኅበሩ ይዞ አሰልጣኝ አደረገው። በሁለት እጁ ሁለት አጫጭር ዱላ ይዞ ሲያሽከረክር ያየ የጎጃም ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ለእኛ ዱላ ማለት ትከሻ ላይ የሚጋደም ነው፤ ይሄ የክንድ ርዝመት የማይሞላ ነገር የወጥ ማማሰያ ነው የሚመስለው። ሳቁ የሚያበቃው ጣትህን ቸብ ሲያደርግህ ነው።

«ራስ ራስ አትበሉ» ይለን ነበር። «የያዘውን እጅ ምቱ። እጁ ከተፈታ ዱላው ምን ያደርጋል?»

ሥልጠናው ሲያልቅ አንድ ሰው ለቢቸና፣ አንድ ሰው ለሞጣ አሰልጣኝ ሆኖ ይመደባል ተብሏል። አሰልጣኝ የሆነ ደግሞ ለውትድርና አይመለመልም ይባላል። ይህን ማንም ተጽፎ አላየውም፤ ሁላችንም ግን እንደ ጸሎት አጥንተነው ነበር። ከቢቸና የተላክሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ የእኔ ነገር ያለቀ ነው። ለሞጣዋ ቦታ ግን ብዙ ወጣት ይጋፋ ነበር፤ ከሁሉም የሚሻለው በልምምድ ከእኔ ጋር የሚጋጠመው ጥንዴ ነበር።

ጥንዴ ልብስ ሰፊ ነው። ከሞጣ የቆዩ የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰቦች የተወለደ፣ አባቱ የሞተበት፣ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ በአንዲት የስፌት መኪና እናቱንና እህቶቹን የሚያኖር ሰው። «እኔ ከሄድኩ መኪናዋን ማን ይረግጣታል?» አለኝ አንድ ጊዜ፣ እየሳቀ። መሳቅ ይወድ ነበር፤ የሚስቀው ግን ሲፈራ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት።

ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። አሰልጣኙ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ካልበላችሁ ይላል፤ እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ ሳር የታጨቀበት ጆንያ ነበረን፤ እሱን በቅልጥማችን ስንጠልዝ እንውላለን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ልብስ ሰፊው የእሱ ጾም አልነበረም፤ ሆኖም እኔ ሳልጠጣ አይጠጣም። ኮዳውን ከዛፉ ሥር ያስቀምጠዋል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ ለእኔ ያቀብለኛል። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር አንስቶ አያውቅም።

የሥልጠናው አንደኛ ሕግ ፊሽካ ነበር። ፊሽካ ሳይነፋ ማንም አያቆምም። መርከብ ላይ የሰከረም ያልሰከረም ስለሚጮህ ጩኸት ሰምቶ እጁን ያወረደ ጥርሱን ያጣል ይለን ነበር አሰልጣኙ። ደግሞም ይፈትነናል። ስንጋጠም ድንገት «አቁሙ!» ብሎ ይጮሃል፤ ያቆመ ሰው በጭቃው ሜዳውን ይዞራል። አንድ ቀን ቆሎ ሻጯን ሳይቀር ለምኖ «እሳት! እሳት!» አሰኝቷታል። እኔ ተታልዬ ጭቃ ያቦካሁበት ቀን ብዙ ነው። ልብስ ሰፊው ግን አንዴም አልተታለለም። ዓይኑን ከእጄ አይነቅልም፣ ጆሮው የሚሰማው ፊሽካ ብቻ ነው።

ለእናቴ የነገርኳት «ኮርስ ልሄድ ነው» ብዬ ብቻ ነበር። እሷ ኮርስ ስትሰማ ወንበርና ሰሌዳ ነው የታያት። ዱላ ያለበት ነገር መሆኑን ብነግራት አትለቀኝም ነበር። ታናሽ ወንድሟ በጥምቀት ቀን በዱላ ተመትቶ ነው የሞተው፤ ሮጣ ስትደርስ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ዱላውን ደጅ አስቀምጦ ነው የሚገባው።

ጾሙ ተፈትቶ የትርኢቱ ቀን ደረሰ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ይመጣል ስለተባለ፣ ስንለማመድበት የከረምነውን ቀላል ሸምበቆ ጥለን ወይራ ቆረጥን። አሰልጣኙ ተቆጣ፤ እኛ ደግሞ በሰው ፊት በሸምበቆ መደባደብ አሳፈረን። ሰሚ አጣና ተወን።

ሜዳው ሞልቷል። እኔና ልብስ ሰፊው መሃል ገብተን ጀመርን። ጥሩ እየተጫወትን ነበር፤ ዱላው ሲንቋቋ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ለካ ያን ሰሞን አንድ የቢቸና ነጋዴ ከሞጣ ሲመለስ «ልጅሽን እንደ ኑግ ሲወቅጡት አይቼ መጣሁ» ብሎ ለእናቴ ነግሯት፣ እሷም በጭነት መኪና ተሳፍራ ከተማው ገብታለች። ሰውን እየገፋች ወደ ሜዳው መጣች። ያየችው ልጇ በዱላ ሲመታ ነው።

«በእመቤቴ! በእመቤቴ ይዣችኋለሁ!» ብላ ነጠላዋን መሃላችን ወረወረችው።

በአገራችን ሴት ነጠላዋን በተጣሉ ሰዎች መሃል ከጣለች ዱላ ይወርዳል። የአባቱን ገዳይ ያገኘ ሰው እንኳ ይቆማል። እኔ ነጠላውን አወቅሁት፤ ጥለቱን ስታሠራ አብሬያት ነበርኩ። ዱላዬን አወረድኩ።

ልብስ ሰፊው ዓይኑ እጄ ላይ ነበር። ፊሽካ አልሰማም። የሴት ጩኸት ቢሰማ ደግሞ የአሰልጣኙ ፈተና ነው፤ እንደ ቆሎ ሻጯ። የወይራው ዱላ አውራ ጣቴ ላይ አረፈ።

ፊሽካው የተነፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ልብስ ሰፊው ዱላዎቹን ጥሎ እጄን ሊያይ ጎንበስ አለ። «አሳየኝ፣ አሳየኝ» ይላል። ሰዎች በአንገትጌው ይዘው ጎተቱት። «በነጠላ ላይ መታ!» አለ አንዱ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ወዲያው ሜዳው በሙሉ ያንኑ ይል ጀመር።

ወጌሻው ጣቴን በሸምበቆ ስንጥር ጠፈረው። ያረፍኩት ዘመዶቻችን ቤት ነበር፤ የሰፈሩ ሰው እየመጣ እግዜር ይማርህ ይለኛል፣ ወጥቶ ልብስ ሰፊውን ይረግማል። ጨርቅ ለስፌት የሰጡት ሰዎች ሳይሰፋ መልሰው እየወሰዱ መሆኑን ሰማሁ። እኔ ዶሮ እየጎረስኩ ነበር ይህን የሰማሁት።

አሰልጣኙ መጣ። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዶ ሕጉን ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር። «የባሕሩን ሕግ ለባሕር አድርገው» አለው ሊቀመንበሩ። «እዚህ ነጠላ ተጥሏል። ለማንኛውም ሽማግሌዎች በያዙት ዕርቅ ላይ እገኛለሁ፤ የተመታው ልጅ ራሱ የሚለውን ሰምቼ ስለ ሞጣው የአሰልጣኝ ቦታ እወስናለሁ።»

«እንግዲህ ያንተ ቃል ነው» አለኝ አሰልጣኙ። «ፊሽካ አልተነፋም፣ ማቆም ያልነበረብኝ እኔ ነኝ በል። ሌላ አልጠይቅህም።»

እሺ አልኩት። እውነት ነበራ።

እሱ እንደ ወጣ እናቴ ልታጎርሰኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷ እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም። «ለወንድሜ አልደረስኩም» አለችኝ። «ላንተ ግን ደረስኩ። ነጠላዬን ባልጥል ኖሮ ገድሎህ ነበር።» ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበር፤ አላምጬ ዋጥኩት። ኮርስ ብዬ የዋሸኋት ልጇ እኔ፣ ጣቴን ያሰበረው ነጠላሽ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?

ሽምግልናው ዋርካው ሥር ሆነ። ቄሱና ሼኹ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ሊቀመንበሩ ለብቻው ወንበር ተደረገለት፣ እናቴ ከጎኔ ሆነች። ገና ስቀመጥ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ሥርዓቱን ነገሩኝ፤ «መጀመሪያ ስንለምንህ ዝም ትላለህ። ስንደግምህም ዝም ነው። በሦስተኛው ስለ እግዚአብሔር ብያለሁ ትላለህ። ቶሎ እሺ ያለ ዕርቁን ያቀለዋል።»

ልብስ ሰፊው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። ትንሽ ድንጋይ አልነበረም። ካልሲውንና ጫማውን አውልቋል። ከኋላ እናቱ ቆማለች፣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለመኑኝ። ዝም አልኩ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ሲያመቻች አየዋለሁ፤ ይሄ ሰው በጾሜ ውሃ ያልጠጣ ሰው ነው። ሲደግሙኝ ሥርዓቱን ጣስኩና «አባቶቼ፣ እሱ አላጠፋም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ በደስታ ነው የምላችሁ። «አያችሁ ጨዋ ልጅ!» አሉ ቄሱ። «ጣቱ ተሰብሮ ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል!» ሼኹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አንተም ከእሱ ተማር» ብለው ድንጋይ የተሸከመውን ገሠጹት። እኔ በአንዲት ቃል መልአክ ሆንኩ፣ እሱ ይባስ ከፋ።

ገና ያልተናገርኩት ነገር ነበር። ፊሽካው አለመነፋቱን ሊቀመንበሩ እየሰማ ጮክ ብዬ ልናገር ይገባ ነበር። አፌን ከፈትኩ። እናቴ ግራ እጄን ይዛው ነበር፣ በኩራት ጨበጥ አደረገችኝ። «ስለ እግዚአብሔር ብያለሁ» አልኩ።

ድንጋዩን አወረዱለት። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ከለከልኩት፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ያኔ ጆሮዬ ሥር፣

«ፊሽካው አልተነፋም ነበር፤ አይደል?» አለኝ። እየሳቀ ነበር።

«አልተነፋም» አልኩት፣ እሱ ብቻ እንዲሰማኝ አድርጌ።

ጥቂት አቅፎኝ ቆየ፤ ደግሜ እንድለው የጠበቀ ይመስለኛል። ከዚያ ለቀቀኝና ጫማውን ፈልጎ አጠለቀ።

ለሞጣ ሌላ ሰው ተመደበ። ልብስ ሰፊው በሚቀጥለው ምልመላ ተጠርቶ ሄደ፤ የስፌት መኪናዋን እህቱ መርገጥ ለመደች ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሄጄ ግን አላየሁም። እኔ ጣቴ ሲጠግግ ቢቸና ላይ አሰልጣኝ ሆንኩ። አንገቴ ላይ ፊሽካ አንጠልጥዬ፣ አዲስ ሠልጣኞች በመጡ ቁጥር ሜዳው መሃል አሰልፋቸውና መጀመሪያ አንደኛውን ሕግ እነግራቸው ነበር፤ ፊሽካ ሳይነፋ ማንም አያቆምም። እናቴ ቤት ድረስ እስኪሰማ ጮክ ብዬ ነበር የምለው።