ስሟን ተወው

ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አምቦ ከብት ሕክምናው ግቢ ተራ ስንጠብቅ አየኋት። ያን ሰሞን ሴት ውሾችን እንዳይወልዱ በሁለት ብር ያመክኑ ስለነበር ግቢው ሞልቷል። ቀበሌው መክናለች የሚል ወረቀት የሌላትን ውሻ በመርዝ እገድላለሁ ብሎ አስለፍፏል።

ሴትዮዋ የወንድ ተማሪ ሹራብ ለብሳ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች። እግሯ ሥር ሽበት የጀመራት ቡናማ ውሻ ተኝታለች። የግቢው በር ሲጥ ባለ ቁጥር ሁለቱም እኩል ዞረው ያያሉ።

“የልጄ ናት” አለችኝ ሳልጠይቃት። “ቡችላ ሳለች ነው እሱን የወሰዱት። ስምንት ዓመት ሆነው።”

ተራዋ ሲደርስ ሐኪሙ መዝገቡን ገለጠ።

“አዴ፣ የውሻዋን ስም ይንገሩኝ።”

“ማሎ ልጄ፣ እባክህ ስሟን ተወው። ሥራህን ሥራ።”

“ስም ካልጻፍኩ ወረቀት መስጠት አልችልም። ወረቀት ከሌላት ደግሞ ይገድሏታል።”

ከኋላ አንዱ፣ “የውሻ ስም እንዲህ ካስጨነቀ የሰው ቢሆንማ!” አለና ሰልፈኛውን አሳቀ።

“የልጄንም ስም ሊወስዱት ሲሉ እንዲህ መዝገብ ላይ ነው የጻፉት” አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር። “ስሙን የነገርኳቸው እኔው ነኝ።”

ሐኪሙ እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ አስቀመጠ። እሷ ጎንበስ ብላ ውሻዋን አቀፈች።

“በል፣ የእኔን ስም ጻፍ” አለችው።

ጻፈው። ከትከሻዋ በላይ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። እዚህ ግን አላሰፍራቸውም።