ጁሀራ የመረጠችው ኮምባይነር

ጁሀራ ማንበብ አትችልም፤ ኮምባይነር ግን ታውቃለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ስድስት መኸር ሙሉ ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት እርሻ ተደብቃ እየገባች፣ ከማሽኖቹ ኋላ የወደቀውን ስንዴ ስትቃርም ኖራለች። ክልክል ነበር። «የመንግሥት ንብረት ነው» ይባላል፤ እዚያው በስብሶ ሲቀር ግን ንብረትነቱ ትዝ የሚለው አልነበረም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የገበሬዎች አምራች ማኅበር አባል ሆነች። የማኅበሩ አሮጌ ኮምባይነር ሁለት ቀን ሠርቶ አምስት ቀን የሚተኛ ነበር፤ ባለፈው ዓመት የደረሰውን ስንዴ እንደቆመ ዝናብ መታውና አባላቱ በረሃብ ከረሙ። ዘንድሮ የመንግሥት እርሻው ካገለገሉት ማሽኖቹ አንዱን ሊለቅላቸው ተስማማ። አንዱን ብቻ። ምርጫውን ከሳቱ ያው ረሃብ ነው።

በእርሻው ግቢ ውስጥ ሁለት ኮምባይነሮች ቆመዋል። ሰባት ቁጥር አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል፤ አሥራ አንድ ቁጥር ዝጓል፣ ጎኑም ተጣሟል። ካድሬው ጓድ ደጀኔ ሰባት ቁጥርን መታ መታ አድርጎ «የሚገባችሁ ይኼ ነው» አለ። የማኅበሩ ኮሚቴ ሽማግሌዎች አጨበጨቡ። የማኅበሩ ኦፕሬተር ቱፋም ሞተሩን አስነስቶ ወደደው።

«እሱን አትውሰዱ!» አለች ጁሀራ ከኋላ።

«ምን አሉ፣ አዴ?» አለ ቱፋ እንደ እናቱ አክብሮ።

«ሞተሩ ደህና ነው። እህሉን ግን ከገለባው ጋር ይደፋል። ከሱ ኋላ የሄድኩ ቀን ጆንያ ሙሉ ተሸክሜ ነው የምገባው። ከአሥራ አንድ ቁጥር ኋላ ግን፣ ወላሂ፣ አንድ ጣሳ አልሞላም። ስንቴ ረግሜዋለሁ!»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ክልክሉን መቃረሟን በአደባባይ ማመኗ ነበርና። እሷ ግን ቃሏን አልዋጠችም።

«ከመንግሥት እርሻ እህል መውሰድዎን አመኑ» አለ ደጀኔ። «ያስጠይቅዎታል።»

«ጠይቁኝ። እኔን ስትጨርሱ ደግሞ እህሉን የደፋውን ጠይቁ።»

ቱፋ ሳቁ አመለጠው። ሄዶ አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ወጣና «እኔ የምነዳው ይኼን ነው» አለ። ሽማግሌዎቹም እያመነቱ ተስማሙ። ጁሀራን ግን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷት።

ሦስት ሳምንት ታስራ ስትፈታ ቤቷን እንኳ ሳታይ ወደ ማኅበሩ ማሳ ገሰገሰች። አጨዳው ሊያልቅ አንድ ጥግ ብቻ ቀርቶታል። ማሽኑ ካለፈበት ገለባ አፍሳ በመዳፏ አሸችው፤ አንድም ፍሬ የለውም። ደስ አላት፣ እጅግ ደስ አላት። ቀና ስትል ሙሉካን አየች። ስድስቱን ዓመት አብራት የቃረመች፣ ማኅበር ያልገባች ጎረቤቷ ናት። ባዶ ጆንያ ታቅፋ ማሳው ዳር ተቀምጣለች። ጁሀራ ሰላም ብትላት ፊቷን አዞረችባት።

ጁሀራ ነደደች፤ በሙሉካ ሳይሆን በራሷ። ጆንያውን ባዶ ያስቀረው እሷ የመረጠችው ማሽን ነው። እየሮጠች ኮምባይነሩ ፊት ቆመች።

«ቱፋ! ያን ጥግ እንዳትነካው! ለቃራሚዎች ይቀራል።»

«ኮሚቴው ይቆጣል፣ አዴ!»

«ታስሬ መጥቻለሁ፤ ደግሞ ይሰሩኝ!» አለች፤ ንቅንቅም አላለች። ቱፋ መሪውን አዞረ፤ የጥጉ ስንዴ ለቃራሚዎቹ እንደቆመ ቀረ።